የታማሚው አስተያየት በካንሰር ሕክምና መመሪያ ውስጥ

ዘመናዊ የካንሰር ሕክምና በሐኪሙ የግል ልምድ ብቻ የሚመራ አይደለም። ለእያንዳንዱ የካንሰር ዓይነትና ደረጃ የትኛው ቀዶ ሕክምና እንደሚስማማ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚቀድም፣ ጨረር ለስንት ቀናት እንደሚሰጥ የሚያመለክት “የሕክምና መመሪያ” የሚባል ሰነድ አለ። መመሪያውን የሚያዘጋጀው ኮሚቴ በጉዳዩ ላይ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስቦና መርምሮ ምክረ ሐሳብ ያቀርባል። በኮሚቴው ጠረጴዛ ዙሪያ የቀዶ ሕክምና፣ የጨረርና የመድኃኒት ባለሙያዎች፣ የፓቶሎጂ ሐኪሞች፣ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ይቀመጣሉ። ለረጅም ዘመን ከዚህ ጠረጴዛ የታጣው በሽታውን በገዛ አካሉ የሚያውቀው ሰው ነበር።

ታማሚውን ወደ ጠረጴዛው መጥራት ብዙ ጊዜ የርኅራኄ ወይም የጨዋነት ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ግን የታማሚው አስተያየት ራሱ ከማስረጃው ወገን የሚቆጠር መሆኑን ነው። ጥናት የአንድ ሕክምና ውጤት ምን ያህል እንደሆነ ይነግረናል፤ ያ ውጤት ለሚከፈልለት ሥቃይ ይበቃ እንደሆነ ግን ጥናቱ ብቻውን ሊነግረን አይችልም። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንዲት ጋዜጠኛ በሐኪሞች ጉባኤ

አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ በ1894 ውጤቱን በጽሑፍ ያቀረቡት የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ጡቱን፣ ከሥሩ ያሉትን የደረት ጡንቻዎችና በብብት ውስጥ የሚገኙትን ንፍፊቶች አንድ ላይ ጠራርጎ የሚያስወግድ ነበር። ካንሰር ከተነሣበት ቦታ ወደ አካባቢው ቀስ በቀስ ስለሚዛመት በሰፊው የቆረጠ ሐኪም በሽታውን ይቀድመዋል የሚለው እምነት በአሜሪካ ለሰማንያ ዓመታት ያህል ጸንቶ ኖረ። ከቀዶ ሕክምናው የተረፉ ብዙ ሴቶች ደረታቸው ጎድጉዶ፣ ክንዳቸው አብጦ፣ ትከሻቸው እንደ ልብ አልንቀሳቀስ ብሎ ይኖሩ ነበር።

በዚህ ላይ የአሠራሩ ልማድ ይታከልበታል። በጡቷ ላይ እብጠት የተገኘባት ሴት ማደንዘዣ ተሰጥቷት ትተኛለች። ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ እዚያው በጥድፊያ ይመረመራል፤ ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ ሳያነቃት ጡቷን ያነሣዋል። ሴትዮዋ ካንሰር እንደያዛትም ጡቷን እንዳጣችም የምታውቀው በአንድ ጊዜ፣ ስትነቃ ነው። ከሐኪሙ ወገን ሲታይ አሠራሩ ያለምክንያት የመጣ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ መደንዘዝ ሁለት ጊዜ ከመደንዘዝ ይሻላል፤ ጊዜም ይቆጥባል። ስለዚህም በባለሙያዎቹ ዘንድ እንደ ችግር የሚቆጠር ነገር አልነበረም።

ጋዜጠኛዋ ሮዝ ከሽነር በ1974 በጡታቸው ላይ እብጠት ባገኙ ጊዜ ናሙናው ተወስዶ እንዲነቁና ውሳኔውን ራሳቸው እንዲወስኑ ጠየቁ። ጥያቄያቸውን የሚቀበል ሐኪም ማግኘት አስቸጋሪ ነበር፤ በመጨረሻም የደረት ጡንቻን የማይነካውን ቀዶ ሕክምና ከመኖሪያቸው ርቀው ሄደው አገኙ። በ1975 ስለ ጡት ካንሰር መጽሐፍ አሳተሙ፤ በሐኪሞች ስብሰባዎች እየተገኙም ከሁሉ አስቀድሞ የሁለቱን እርምጃዎች መለየት፣ ማለትም ዛሬ ምርመራ፣ ከቀናት በኋላ ከታማሚዋ ጋር ተመካክሮ ሕክምና የሚለውን ሐሳብ ሳይታክቱ አቀረቡ።

በሰኔ 1979 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ስለ ጡት ካንሰር የመጀመሪያ ሕክምና የጋራ ስምምነት ጉባኤ ሲጠሩ ከሽነር የውሳኔ ሰጪው ቡድን አባል ሆኑ። ቡድኑ የሃልስቴድ ቀዶ ሕክምና ዋነኛው ሕክምና መሆኑ እንዲቀር፣ በቦታውም ጡንቻን የሚያስቀር ቀዶ ሕክምና እንዲተካ ሐሳብ አቀረበ። ምርመራና ሕክምናም በአብዛኛው በሁለት ጊዜ ተለይተው እንዲከናወኑ መከረ። የመጀመሪያው ምክር በጥናት ውጤት ላይ ቆሞ የመጣ ነው፤ ሐኪሞቹ ዘግይተውም ቢሆን ብቻቸውን ይደርሱበት ነበር። ሁለተኛው ግን በታማሚዎች ግፊት የመጣ ጥያቄ ነበር። የዕድሜ መርዘምን ብቻ የሚለካ ሳይንስ፣ ሳታውቅ ጡቷን አጥታ የምትነቃን ሴት የሚመዘግብበት ዓምድ አልነበረውም።

ከማስረጃ ወደ ምክረ ሐሳብ

ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት መመሪያ የማዘጋጀት ሥራ ራሱን የቻለ ዘዴ አበጅቷል። በ2000 የተቋቋመው “ግሬድ” የተሰኘው የሥራ ቡድን ያወጣውና ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅትን ጨምሮ ብዙ ተቋማት የሚገለገሉበት ሥርዓት ሁለት ነገሮችን ለያይቶ ያያል። የመጀመሪያው የማስረጃው አስተማማኝነት ነው፤ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ፣ እጅግ ዝቅተኛ ተብሎ በአራት ደረጃ ይመደባል። ሁለተኛው የምክረ ሐሳቡ ጥንካሬ ነው። “ጠንካራ” የሚባለው ምክረ ሐሳብ ነገሩ በሚገባ ከተብራራላቸው ታማሚዎች ሁሉም ማለት ይቻላል የሚመርጡት ነው። “ደካማ” ወይም “ሁኔታዊ” የሚባለው ደግሞ ብዙዎች ቢመርጡትም በርካቶች ሊተዉት የሚችሉት፣ ስለዚህም ሐኪሙ ከታማሚው ጋር ቁጭ ብሎ ሊመካከርበት የሚገባው ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስተውል። በዚህ ትርጓሜ መሠረት አንድ ምክረ ሐሳብ ጠንካራ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ታማሚዎች ምን እንደሚመርጡ ማወቅ ግድ ነው። በስሌቱ ውስጥ ይህ ቁጥር ከጎደለ ኮሚቴው የራሱን ምርጫ በቦታው ያስገባል፤ ማስገባቱንም ላያውቀው ይችላል።

ማስረጃው ጠንካራ ሆኖ ምክረ ሐሳቡ አንድ ሊሆን የማይችልበት ሁኔታ መኖሩን በብሪታንያ የተካሄደው የፕሮስቴት ካንሰር ጥናት በግልጽ ያሳያል። በጥናቱ 1,643 ወንዶች በዕጣ በሦስት ተመደቡ፤ ሕክምና ሳይጀመር ካንሰሩን በቅርብ መከታተል፣ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር። በ2023 የታተመው የአሥራ አምስት ዓመት ውጤት እንደሚያመለክተው በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት በሦስቱም ቡድኖች ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ናቸው። ነገር ግን ክትትል ብቻ ከተደረገላቸው ከመቶ 9.4 በሚሆኑት ላይ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ሲዛመት፣ በቀዶ ሕክምናው ቡድን ይህ በ4.7፣ በጨረሩ ቡድን በ5.0 ላይ ደርሷል። በሌላ በኩል ቀዶ ሕክምና ከተመደበላቸው ከመቶ 46 ያህሉ ከስድስት ወር በኋላ ሽንታቸውን ለመቆጣጠር መጥመጫ ጨርቅ ይጠቀሙ ነበር፤ በክትትል ላይ ከነበሩት ከመቶ አራቱ፣ ጨረር ከተሰጣቸው ከመቶ አምስቱ ብቻ። ከእነዚህ ቁጥሮች የትኛው እንደሚከብድ የሚወስን የስታቲስቲክስ ቀመር የለም። መዛመትን አብዝቶ የሚፈራ ሰው አንዱን፣ በሰው ፊት መዋረድን የሚፈራ ሌላውን ቢመርጥ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

አንድ ሳምንትና ሃያ አራት ወር

የታማሚው ምርጫ ሊለካ ይችላልን? ይችላል። ከሚያስደንቁት መካከል በ1998 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የከፋ ደረጃ ላይ የደረሰ የሳንባ ካንሰር ያለባቸውንና ቀደም ሲል ኬሞቴራፒ የወሰዱ 81 ታማሚዎችን አነጋገሩ። ታማሚዎቹ የመድኃኒቱን ማቅለሽለሽና ድካም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳቸው ያውቁታል። የቀረበላቸው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ ኬሞቴራፒውን ለመቀበል ዕድሜዎ ቢያንስ በምን ያህል መርዘም አለበት?

መልሶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረን መካከል ላይ ያለውን ብንወስድ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ቀላል ከሆነ አራት ወር ተኩል፣ ከባድ ከሆነ ደግሞ ዘጠኝ ወር ይሆናል። የጥናቱ ቁም ነገር ግን በዚህ መካከለኛ ቁጥር ላይ አይደለም። አንዳንዶቹ ታማሚዎች ለአንድ ሳምንት ዕድሜ ሲሉ ሕክምናውን እንቀበላለን ሲሉ፣ ሌሎች ሃያ አራት ወር ቢጨመርልንም አንፈልግም ብለዋል። በበሽታ፣ በደረጃና በልምድ የሚመሳሰሉ ሰዎች ናቸው። በጊዜው ከነበረው ውጤት ጋር የሚቀራረብ የሦስት ወር ጭማሪ ሲቀርብላቸው ኬሞቴራፒን የመረጡት ከመቶ 22 ብቻ ነበሩ። ሕክምናው ዕድሜን ባያረዝምም የሕመሙን ምልክቶች በእጅጉ የሚቀንስ ቢሆን ኖሮ ግን ከመቶ 68 እንመርጠዋለን አሉ።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ለመመሪያ አዘጋጅ ከሁሉ ይበልጣል። ኮሚቴው የሚያመዛዝነው “ስንት ወር ተጨመረ?” የሚለውን ብቻ ከሆነ፣ ብዙኃኑ ታማሚዎች የጠየቁትን ጥያቄ ሳይመልስ ሌላ ጥያቄ እየመለሰ ነው። ትንፋሽ ማጠር፣ ሳል፣ እንቅልፍ ማጣት በጥናቶቹ ውስጥ ካልተለኩ መመሪያውም ስለ እነርሱ ዝም ይላል።

ሐኪሙ ታማሚውን ስለሚያውቅ በእርሱ ቦታ ሆኖ ሊመልስ ይችላል የሚል መከራከሪያ አለ። በ1990 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ይህን ፈትኖታል። ለመዳን የሚያበቃ እጅግ ጠባብ ዕድል፣ ከመቶ አንድ እንኳ ቢሆን፣ ከባድ ኬሞቴራፒን ለመቀበል ይበቃ እንደሆነ ለካንሰር ታማሚዎች፣ ለሐኪሞች፣ ለነርሶችና ለጤነኛ ሰዎች ቀረበ። ታማሚዎቹ በጠባቡ ዕድል ሕክምናውን ለመቀበል ከሐኪሞቹም ከነርሶቹም ከጤነኞቹም እጅግ አብልጠው ዝግጁ ነበሩ። ከላይ ካየነው የሳንባ ካንሰር ጥናት ጋር የሚጋጭ ቢመስልም፣ አንዱ ስለ መዳን ሌላው ስለ ወራት መጨመር የተጠየቀ በመሆኑ አይጋጭም። ሁለቱ አንድ ላይ የሚነግሩን ነገር አለ፤ ጤነኛ ሰው በደህናው ቀን የገመተው ምርጫ በሽታው ሲመጣ ይለወጣል፤ ወዴት እንደሚለወጥም ካልተጠየቀ አይታወቅም።

የአጠያየቁም ነገር ቀላል አይደለም። በ1982 ባርባራ ማክኒልና አሞስ ትቨርስኪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት ለሳንባ ካንሰር ከቀዶ ሕክምናና ከጨረር አንዱን እንዲመርጡ የተጠየቁ ሐኪሞች፣ የቀዶ ሕክምናው ውጤት “ከመቶ ዘጠናው በሕይወት ይቆያሉ” በሚል ቋንቋ ሲቀርብላቸው ከመቶ 84 የሚሆኑት ቀዶ ሕክምናን መረጡ። “ከመቶ አሥሩ ይሞታሉ” ተብሎ ሲቀርብላቸው ግን የመረጡት እኩሌታዎቹ ብቻ ናቸው። ሐሳቡ አንድ ነው፤ የተለወጠው አነጋገሩ ብቻ ነው። ሐኪሞች በዚህ ከተሳቱ ሌላውማ እንዴት አይሳት? ስለሆነም የመመሪያ ረቂቅ ከመጽደቁ በፊት ታማሚዎች ቢያነቡት የሚል ጥያቄ ሲነሣ የሚፈለገው የፊደል ግድፈት እንዲለቅሙ አይደለም።

የታማሚ ፍላጎት ማስረጃን ሲቀድም

እስካሁን የተባለው ሁሉ ታማሚ ያለውን ማድረግ ይገባል ወደሚል መደምደሚያ እንዳይወስደን ሌላኛውን ታሪክ ማንሣት ያስፈልጋል። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የተዛመተ የጡት ካንሰር ላለባቸው ሴቶች እጅግ ከፍተኛ መጠን ያለው ኬሞቴራፒ ሰጥቶ የጠፋውን መቅኔ መልሶ የመተካት ሕክምና ተስፋፍቶ ነበር። ቀደምት ጥናቶች በዕጣ የተመደበ ማነጻጸሪያ ያልነበራቸው ቢሆኑም ተስፋን አጭረዋል። የኢንሹራንስ ድርጅቶች ወጪውን አንከፍልም ሲሉ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1993 በካሊፎርኒያ የተሰየመ የዳኞች ሸንጎ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ላይ 89 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። ከዚያ በኋላ ብዙ ድርጅቶች ሳይከራከሩ መክፈል ጀመሩ፤ ቁጥራቸው በአሥር ሺዎች የሚገመት ሴቶች ሕክምናውን ወሰዱ።

በ1999 በዕጣ የተመደቡ ጥናቶች ውጤት ሲቀርብ ሕክምናው ከተለመደው ኬሞቴራፒ የበለጠ ዕድሜ እንደማይጨምር ታወቀ። ጥቅም አለው ያለው አንድ የደቡብ አፍሪካ ጥናትም በ2000 በተደረገ ማጣራት ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። ሥቃዩ ከባድ ነበር፤ በሕክምናው ምክንያት የሞቱም አሉ። ታማሚ “እፈልጋለሁ” ማለቱ ሕክምናው ይሠራል ማለት አይደለም። የሚሠራውንና የማይሠራውን የሚለየው ጥናት ነው፤ ታማሚው የሚናገረው በሚሠራው ነገር ጥቅምና ጉዳት መካከል ያለውን ሚዛን ነው። ሁለቱ ቦታቸውን ሲለቁ ጉዳት ይደርሳል። ይህን ልዩነት ከሐኪሞቹ ቀድመው የተናገሩ፣ ሕክምናው በጥናት ውስጥ ብቻ ይሰጥ ያሉ የታማሚ ተሟጋቾችም እንደነበሩ መዘንጋት አይገባም።

በተግባር ላይ

የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2011 ባወጣው የመመሪያ መስፈርት ቢያንስ ጥያቄዎቹ ሲቀረጹና ረቂቁ ሲገመገም ታማሚ ወይም የቀድሞ ታማሚ እንዲሁም የታማሚዎች ማኅበር ተወካይ እንዲሳተፉ ይጠይቃል። ናይስ የተሰኘው የብሪታንያ ተቋም በበኩሉ በእያንዳንዱ የመመሪያ ኮሚቴ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ከሙያው ውጭ የሆኑ አባላት እንዲኖሩ ያደርጋል። ሁለት መሆናቸው ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ በአሥራ አምስት ባለሙያዎች መካከል ብቻውን የተቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

ሆኖም ሁለት ሰዎች የሺዎችን ምርጫ አይወክሉም። የአንድ ሳምንቱንና የሃያ አራት ወሩን ሰዎች ማን ይወክላቸዋል? በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በኮሚቴው የሚቀመጡት አባላት ዋና ተግባር የተዘነጋ ጥያቄን ማንሣት ነው፤ የብዙኃኑን ምርጫ ለማወቅ ግን ቃለ መጠይቅና መጠይቅ ያስፈልጋል። በአውሮፓ የተዘጋጀውና በ1993 የታተመው የሠላሳ ጥያቄዎች የኑሮ ጥራት መለኪያ አንዱ መሣሪያ ነው፤ ወደ አማርኛም ተተርጉሟል። እንዲህ ያለው መጠይቅ ከመመሪያ ዝግጅት ባሻገር በሕክምናው ላይ ራሱ ፍሬ እንዳለው በኒውዮርክ የተካሄደና በ2017 የቀረበ የ766 ታማሚዎች ጥናት አሳይቷል። ምልክቶቻቸውን በየሳምንቱ በኮምፒዩተር እያሳወቁ ነርሶች የተከታተሏቸው ታማሚዎች መካከለኛ ዕድሜ 31.2 ወር ሲሆን፣ በተለመደው መንገድ የታከሙት 26.0 ወር ነበር። አምስት ወር የሚያስገኝ አዲስ መድኃኒት ቢገኝ ኖሮ ስሙን ሁላችንም በሰማነው ነበር።

በአገራችን

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራባቸው የካንሰር ሕክምና መመሪያዎች በብዛት በውጭ አገር የተዘጋጁትን መነሻ ያደረጉ ናቸው። ይህ በራሱ አያስነቅፍም፤ የዕጢ ሕዋስ ድንበር አያውቅም፤ ጥናትን ሁሉ እንደገና ማካሄድም አይቻልም። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ምክረ ሐሳብ የማስረጃና የምርጫ ድምር ነው። ማስረጃውን ስንዋስ በማናውቀው መንገድ የሌሎች አገር ታማሚዎችን ምርጫም አብረን እንዋሳለን።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። በበርናርድ ፊሸር መሪነት በአሜሪካ የተካሄደው ታላቅ ጥናት የሃያ ዓመት ውጤት በ2002 ሲታተም እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጡቱን ማቆየት ሙሉውን ጡት ከማስወገድ ጋር እኩል ዕድሜ እንደሚሰጥ አረጋግጧል። ይህ የከሽነር ትውልድ ሲታገልለት የኖረ ድል ነው። ነገር ግን ጡቱ ቆይቶ ጨረር ካልተጨመረ ካንሰሩ በዚያው ጡት ላይ ተመልሶ የመጣባቸው ከመቶ 39.2 ሲሆኑ፣ ጨረር ከተጨመረ 14.3 ናቸው። ስለዚህ ጡትን የማቆየት ምርጫ ጨረርን በጊዜው ከማግኘት ጋር የተቆራኘ ነው። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ ጨረር የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማን በመሳሰሉ ከተሞች ማዕከላት ቢከፈቱም ብዙ ታማሚ አሁንም ከቤቱ ርቆ ወረፋ መጠበቅ አለበት። ልጆቿን ለጎረቤት ትታ፣ በዘመድ ቤት ተጠግታ ለሳምንታት መቆየት ያለባት የገጠር ሴት ጡቷን በሙሉ ማስወገድን ብትመርጥ ያልገባት ሆና አይደለም። ሌላዋ ደግሞ በዚያው ሁኔታ ውስጥ ሆና ጡቷን ማቆየትን ልትመርጥ ትችላለች። የትኛዋ ትበዛለች? መልሱን ከአሜሪካ ወይም ከብሪታንያ መመሪያ ልንገለብጠው አንችልም።

ጥያቄው በኮሚቴ ፊት ቢቀርብ ሳይንሱ የሚሰጠው መልስ አለው። በ2020 የታተመ የብሪታንያ ጥናት በሦስት ሳምንት ውስጥ በአሥራ አምስት ጊዜ ይሰጥ የነበረውን የጡት ጨረር በአንድ ሳምንት ውስጥ በአምስት ጊዜ መስጠት ካንሰሩን በመከላከል ረገድ እንደማያንስ አሳይቷል። ጨረሩን ለሚሰጠው ባለሙያ ይህ የመጠን ክፍፍል ጉዳይ ነው። ለገጠሯ ሴት ግን አዲስ አበባ የምታድርባቸው ሌሊቶች ቁጥር ነው፤ ምናልባትም ጡቷን ለማቆየት መወሰኛዋ እርሱ ነው።

ሁለት እንቅፋቶች ቀድመው መታሰብ አለባቸው። አንደኛው ቋንቋ ነው። የሕክምና ትምህርታችንም መመሪያዎቻችንም በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ታማሚ በኮሚቴ ቢቀመጥ እንኳ ረቂቁን ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ የታማሚዎችን ሐሳብ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎች፣ ማንበብ ለማይችሉትም በቃል፣ በየአካባቢው አስቀድሞ ሰብስቦ ለኮሚቴው ማቅረብ የሚሻል ይመስላል። ሁለተኛው ይከብዳል። በባህላችን መርዶ ለባለቤቱ በድንገት አይነገርም፤ አስቀድሞ ዘመድ ይሰማል፤ ሰዓቱና ነጋሪው ይመረጣሉ። በካንሰርም ሐኪሙ ለቤተሰቡ ነግሮ ታማሚው ሳያውቅ የሚታከምበት ጊዜ አለ። ያልተነገረውን ሰው ስለ ሕክምናው ምርጫ መጠየቅ አይቻልም፤ ቤተሰቡን ብቻ መጠየቅ ደግሞ ሐኪሙን ከመጠየቅ ብዙም አይለይም። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ፣ ከማን አፍ መስማት እንደሚሻ ታማሚው ከምርመራው በፊት፣ ውጤቱ ገና በማንም እጅ ሳይገባ ቢጠየቅ ለባህሉም ለሳይንሱም የሚቀል ይሆናል፤ ይህም ራሱ በመመሪያው ውስጥ እንደ አንድ ምክረ ሐሳብ ሊጻፍ የሚችል ነው።